የቀርቀሃ በር ጉድፎች

ብርነሽ ሠላሳዋን የምትጨርሰው ቁርስ ሳይቀርብ ነው። የቀርቀሃ በር ሰፈር ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ፊቱን ይታጠባል፣ የእጅ ሰሌዳውን ይከፍታል፣ የዓለም ነገር ሁሉ የተመዘገበበት ክምችት የሚያቀርብለትን ሠላሳ ነገር እያየ ለእያንዳንዱ ቃል ይለጥፋል። «ይህ ምንድን ነው?» ይላል ሰሌዳው፤ ሰው ይመልሳል። አንድ ቀን ድልድይ ይመጣል፣ ሌላ ቀን የማያውቁት ሰው ሳል፣ ሌላ ቀን ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ደብዳቤ። የሚለጠፈው ቃል ቅጽል ይባላል። ማንኛውም ነገር ክምችቱ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው በቅጽሎቹ ነው፤ ሲፈለግ የሚገኘውም በእነሱ ነው። ሠላሳውን ያጎደለ ሰው ቃሉ እየቀለለ ይሄዳል፣ ቃሉ የቀለለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ ማንም አያጎድልም።

ዘዴውንም ያላወቀ የለም። ከምስሉ ሥር ሌሎች ቀድመው የለጠፏቸው ቃላት ተደርድረው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያውን መንካት ብቻ ነው። አስቦ የሚጽፍ ሰው ቁርሱ ይቀዘቅዝበታል።

ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን ማለዳ፣ ብርነሽ እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ታሯሩጥ ነበር። አንደኛው የቆየ ዘፈን። ሁለተኛው አካፋ። ሦስተኛው ከሰማይ የታየ የሩቅ አገር ሰፈር፣ ከጣሪያዎቹ መሐል አንድ የደረቀ ዋርካ የቆመበት፤ ከሥሩ መጀመሪያ የተጻፈው ቃል «ባዶ» የሚል ስለነበር እሱን ነክታ አለፈች። አሥራ አንደኛው እግሩ የተሰበረ ወንበር። አሥራ ሁለተኛው የተቀደደ ማዳበሪያ። አሥራ ሦስተኛው ልጇ ነበረች።

ጎረቤቷ እማማ ጌጤ የሠሩላትን ቢጫ ኮፍያ አድርጋ፣ ጥርስ ባላበቀለው ድዷ ትስቃለች። ከሥሯ ቃላቱ ተደርድረዋል፦ ጉድፍ፣ የማይረባ፣ የተጣለ፣ ከሜዳ የተገኘ።

ብርነሽ ፈገግ አለች። ቃላቱን ታውቃቸዋለች፤ የመጀመሪያውን የለጠፈችው ራሷ ናት። አውራ ጣቷ በልማድ ሲያልፍ አሥራ አራተኛው መጣ። የሚያፈስ ባልዲ ነበር። ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ። ክምችቱ የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጎን ነው የሚያስቀምጠው። ወደ ኋላ መለሰችውና እንደገና አየችው። ማዳበሪያ፣ ልጇ፣ ባልዲ።

ከዚህች ልጅ በፊት ብርነሽና ባሏ ይመር ሁለት ልጆች ቀብረዋል። የመጀመሪያው ናሁሠናይ አሥራ አንድ ወር ኖረ። ሲወለድ ሰፈሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቃል ለጥፎለት ነበር፤ «መልአክ»፣ «ጨረቃ»፣ «የዓይን ማረፊያ»። የሩቅ አገር ሰው ሁሉ «ጨረቃ» ብሎ በፈለገ ቁጥር የናሁሠናይ ፊት ይመጣለት ነበር። ሁለተኛዋም እንደዚያው ተወደሰች፤ በሦስት ወሯ ሄደች። ሐኪሞቹ ለሁለቱም ምክንያት ጽፈዋል። ቀርቀሃ በር ግን የሐኪሞቹን ወረቀት አላነበበም። ዓይን በላቸው አለ፣ አለቀ።

ሦስተኛዋ ስትመጣ ሰፈሩ ተማከረ። ሐመልማል የሚለው ስሟ በክርስትናዋ ቀን አንዴ ተነሥቶ ተሸሸገ፤ መጠሪያዋ ጉድፌ ሆነ። እማማ ጌጤ ሕፃኗን ተቀብለው «እንትፍ እንትፍ፣ ምን ዓይነት አስቀያሚ ነገር ነው ይኼ?» ብለው እግሯን ሳሙ። እስላሙም ክርስቲያኑም ሰሌዳውን አወጣ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የዕድር አባል፣ አንድም ሳይጎድል፣ ያገኘውን ክፉ ቃል በፍቅር ለጠፈባት። ብርነሽ የዚያን ቀን አልቅሳለች፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። ልጇን በሦስት መቶ ሰው እጅ ያስደበቀች መስሏት ነበር።

ባልዲውን ከልጇ ጎን ባየችበት ጠዋት ብርነሽ ሠላሳውን ሳትጨርስ ተነሣች። ጉድፌ ዘጠኝ ወር ሞልቷት የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ነበራት።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አረንጓዴው መብራት ለብርነሽ በራ። ነርሷ ጦይባ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ሕፃኗን ተቀብላ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት። ሚዛኑ ዝም አለ። ጦይባ አንሥታ እንደገና አስቀመጠቻት። ጉድፌ የሚዛኑን ጠርዝ ይዛ ትስቃለች። ሚዛኑ «ባዶ» ብሎ ጻፈ።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለች ብርነሽ።

ጦይባ በሩን ዘጋችና ሰሌዳዋን ከፍታ ረጅም ጊዜ አነበበች። «ብርነሽዬ፣ ቁጭ በይ» አለች።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ልጅቷ ከሰው ረድፍ ወጥታለች። ከሚጠረጉት ጋር ነው ያስቀመጧት።»

«ማን ነው ያስቀመጣት?»

«ማንም። ቃሉ ነው የሚያስቀምጠው።»

ጠረጋ የሚባለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በየዓመቱ ጳጉሜ አንድ ቀን ክምችቱ የማይፈለገውን ይጥላል፤ የተሰበረውን፣ የተደጋገመውን፣ ማንም የማይጠይቀውን። ሰው ግን ይጣላል ብሎ ያሰበ የለም። ጦይባ የክትባቱን ሣጥን ልትከፍት ሞከረች፤ ሣጥኑ የሚከፈተው ለስም ነው፣ አልተከፈተም። በጥፍሯ እስኪያማት ታገለችው።

«ከጳጉሜ በኋላስ?»

«ከጳጉሜ በኋላ የሚፈልጋት አያገኛትም። እኔም፣ ትምህርት ቤትም።» ጦይባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መኪኖቹም፤ ሾፌር የላቸውም፣ የሚያዩት በክምችቱ ያለውን ብቻ ነው። አምና አንድ ሽማግሌ በስሕተት ተጠርገው ነበር። አስፋልት ሲሻገሩ መኪናው አላቆመም። ሰው አላየሁም አለ፤ አልዋሸም።»

ብርነሽ ልጇን ከሚዛኑ ላይ አነሣች። «ቃሉን አንሡልኝ» አለች።

«ቃል አይነሣም፤ ይሸፈናል እንጂ። በላዩ ሌላ ቃል ከተደረበ ይሸፈናል። ቆንጆ፣ ብርቱ፣ የተወደደች የሚል። ዘጠኝ ቀን አለሽ። ደግሞ የእናት ቃል እንደ አርባ ሰው ነው የሚመዘነው፤ ከራስሽ ጀምሪ።»

ብርነሽ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር ቆማ ሰሌዳዋን ከፈተች። «ቆ» ብላ ጻፈች። ናሁሠናይ ትዝ አላት፤ በመጨረሻው ቀን እጁ እንዴት እንደቀዘቀዘ። ፊደሏን አጠፋች። እንደገና ጻፈች፣ እንደገና አጠፋች። ጀርባዋ ላይ ጉድፌ አንገቷን ትስምላት ነበር። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረችም። ሰሌዳውን ዘግታ በመንገዱ ጠርዝ፣ ከመኪኖቹ ርቃ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይመር አናጢ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ «ይቅር» አለ።

«ምኑ ይቅር?»

«ማወደሱ። ትጠረግ። በክምችት የሌለ ሰው ይተነፍሳል፤ እጇን ይዘን እናሻግራታለን። ናሁሠናይ ስድስት መቶ ቃል ነበረው፣ የታለ?»

«እስከ መቼ ነው እጇን የምንይዛት ይመር? ሃያ ዓመቷ ላይስ?»

«ሃያ ዓመት ከደረሰችማ ተመስገን ነው» አለ፣ ድምፁም ተሰበረ። ብርነሽ ልትቆጣው ፈልጋ አልቻለችም። እሷም ውስጥ ያው ፍርሃት ነበር።

ቅዳሜ ሕፃኗን አዝላ ገበያ ወረደች። የራሷ ሰፈር ሰው ዓይን ይፈራል፤ ባዕድ ግን ምን አስፈራው? ባዕድ ያያትን ይጽፍላታል። ጌሾ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጀመረች። «እህቴ፣ አንድ ቃል ለጥፊላት፣ እባክሽ።»

ሴትዮዋ ፊቷ በራ። «ውይ፣ እንዴት የምታምር ልጅ ናት! ዓይኗን እዩት!» እያለች ሰሌዳዋን ደገነች። ከሥር ቃላቱ ተደርድረው መጡላት፤ ሴትዮዋ ዓይኗን ከሕፃኗ ሳታነሣ የመጀመሪያውን ነካች። ጉድፍ። ብርነሽ በድንጋጤ «እንትፍ» አለች፤ ከሴትዮዋ አፍ የወጣው ውዳሴም ከጣቷ የወጣው ስድብም እኩል አስፈራት።

«አይ፣ እሱን አይደለም፣ ራስሽ ጻፊላት» አለች።

«አዬ፣ ምን ልዩነት አለው ብለሽ ነው? ሁሉም ያለው ነው የሚሆነው» አለች ሴትዮዋ፣ ወደ ሚዛኗ ተመልሳ። ሸማ ነጋዴው እንደዚያው አደረገ። ሁለት ተማሪዎች ተሳስቀው እንደዚያው አደረጉ። ሁሉም ሕፃኗን በአፉ አሞገሰ፣ በጣቱ ያለውን ደገመ። ብርነሽ ቁጥሩን አየች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የነበረው ሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ ሆኗል። ነጠላዋን በሕፃኗ ፊት ላይ ጣለችና ከገበያው ልትወጣ ሰው እየገፋች ሮጠች።

እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሞ ነበር። ብርነሽ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። «እንግዲህ የምለምናችሁ ይኼን ነው። አንድ አንድ ጥሩ ቃል» አለች።

መጀመሪያ የተነሡት አያ እንድሪስ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ናቸው። «ልጄ፣ ጉልበቴን ጠይቂኝ፣ እሰጥሻለሁ። ናሁሠናይን ግን ‹አንበሳ› ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። ሁለተኛ አላደርገውም» አሉ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተነሡ። አንዷ የእሷ ዓይን ከባድ ነው ስለሚባል ፈራች። አንዱ እሱ ያመሰገነው ጥጃ እንኳ አይቆይም። ስንፍና ወይም ክፋት ይዞት የተቀመጠ አልነበረም። ሁሉም ይወዷታል፤ ስለሚወዷት ነበር እንቢ ያሉት። ብርነሽም ልትፈርድባቸው አልቻለችም፤ ራሷ ያላደረገችውን ነው የለመነቻቸው።

እማማ ጌጤ ከጥግ ተነሡ። «እኔ ማመስገኑን አልችልበትም» አሉ። «መስደቡን ግን እችልበታለሁ። እሷ ጉድፍ ከሆነች እኔ ሰባ ስምንት ዓመት የኖርኩ አሮጊት ምንድን ነኝ? እኔም ጉድፍ ነኝ። ጻፍልኝ፣ ልሳነወርቅ፣ ዓይኔ አያይም።»

አንዳንዱ ሳቀ። የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ልሳነወርቅ ግን አልሳቁም። በወጣትነታቸው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ፤ መጻሕፍት በቁጥር የሚደረደሩበትን ዘመን ከሚያስታውሱ ጥቂቶች አንዱ ናቸው። ብዕራቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ክምችቱ እኮ የቃሉን ትርጉም አያውቅም። የሚያውቀው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ብቻ ነው። ጉድፍ ዛሬ ከባልዲና ከማዳበሪያ ጋር ይውላል። እኛ ሁላችን፣ ከነልጆቻችን፣ ራሳችንን ጉድፍ ብንልስ? ቃሉ ከሰው ጋር ይውላል። እሷም ወደ ሰው ትመለሳለች።»

«በቃ፣ እንዲያ እናድርጋ!» አለ ከመስኮት አንዱ።

«ወይም ደግሞ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ብርነሽን እያዩ፣ «እሷ ወደ እኛ በመምጣት ፈንታ እኛ ወደ እሷ እንሄዳለን። የትኛው እንደሚሆን አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

የዚህን ጊዜ ሊያስብ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ራስን ማዋረድ ለቀርቀሃ በር ቀላል ነገር ነው፤ ዓይን አያመጣም፣ እንዲያውም ያባርራል። አያ እንድሪስ በደስታ ራሳቸውን ሦስት ጊዜ ሰደቡ። ይመር ለራሱም፣ ለሠራው በርና መስኮት ሁሉም ለጠፈ። እናቶች የየልጆቻቸውን ፊት አምጥተው «ጉድፍ»፣ «የማይረባ»፣ «የተጣለ» አሉ፤ ልጆቹ እየተሳሳቁ ተሰደቡ። እስከ ሐሙስ ድረስ ቤቱም፣ ቦኖ ውኃውም፣ መቃብሩም ሳይቀር ጉድፍ ተባለ። ብርነሽ በየቀኑ ቃሉን እየፈለገች ታየው ነበር። ሰኞ ዕለት ባልዲው ከፊት ነበር። ሮብ ዕለት የእማማ ጌጤ ፊት ባልዲውን አልፎ መጣ። ዓርብ ዕለት ከዳር እስከ ዳር ፊት ብቻ ሆነ፤ ከመሐላቸው ቢጫ ኮፍያ ያደረገች አንዲት ሕፃን።

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት፣ ብርነሽ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ጦይባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጦይባ ሕፃኗን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና እጇን አነሣች። ሚዛኑ ትንሽ ዘገየ። ብርነሽ በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ የሁለቱንም ልጆቿን ቀብር እንደገና ቆመችው።

«ሐመልማል ይመር» ብሎ ጻፈ ሚዛኑ። «ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ።»

ሣጥኑ ተከፈተ። ጉድፌ ተወጋች፣ ሰፈሩን በጩኸት ሞላችው፣ እናቷ ግን ከዚያ ጩኸት የበለጠ ደስ የሚል ነገር ሰምታ አታውቅም። ሲመለሱ አንድ መኪና ሁለቱንም አይቶ ቆመላቸው። ብርነሽ አስፋልቱ መሐል ቆማ፣ እስኪበቃት፣ የቆመውን መኪና አየችው።

መስከረም አንድ ቀን፣ እንቁጣጣሽ፣ ማለዳ ላይ ብርነሽ ፊቷን ታጥባ ሰሌዳዋን ከፈተች። ሠላሳ በበዓልም አይቀርም። አንደኛው ነገር ከሰማይ የታየ ሰፈር ነበር። ጣሪያዎች፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ቦኖ ውኃ። አውራ ጣቷ የመጀመሪያውን ቃል ሊነካ ሲል አንድ ሰማያዊ በር ዓይኗን ያዘው። ይመር የሠራው በር ነው። የራሷ በር።

«ይህ ምንድን ነው?» ይላል ሰሌዳው። ከሥሩ ቃላቱ ተደርድረዋል፦ ጉድፍ፣ የማይረባ፣ የተጣለ። ከቃሉ አጠገብ ያለው ቁጥር ሲጨምር ይታያል። ሁለት ሺህ አሥር። ሁለት ሺህ አርባ። የሌላ አገር ሰው ቁርሱን ሳይበላ ሠላሳውን እየጨረሰ ነው።

የደረቀው ዋርካ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። የዚያን ጠዋት ሦስተኛው። እሷም ቁርስ ሳይቀርብ፣ ሳታይ፣ ነክታው ያለፈችው። ወዲያው ፈለገችው። «ዋርካ፣ ጣሪያ፣ ሰፈር» ብላ ጻፈች። ክምችቱ ብዙ ዋርካ አመጣላት፤ ያን ግን አላመጣም። «ባዶ» ብላ ጻፈች። ሰሌዳው ጥቂት አሰበና መለሰ፦ ምንም አልተገኘም።

እዚያ ጣሪያ ሥር ስንት ሰው ይኖር እንደነበር አታውቅም። እናቶች ይኖሩ ይሆን? አሁንስ አስፋልት እንዴት ይሻገራሉ?

ጉድፌን አንሥታ ወደ ደጅ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆሟል፤ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ፣ ሰሌዳውን እንደያዘ። ሁሉም ያው ምስል ደርሶታል። ማንም ገና አልነካም። አቶ ልሳነወርቅ ከአጥራቸው ላይ ሆነው አዩአት፤ «ስንት ቀን አለን?» ብላ ልትጠይቃቸው አሰበችና ተወችው፤ እስከሚቀጥለው ጳጉሜ ነው፣ ታውቀዋለች።

«ብርነሽ» አሉ እማማ ጌጤ፣ በግድግዳ እየተደገፉ። «ልሳነወርቅ የመጀመሪያውን አትንኩ አለን። ሌላ ጻፉ አለን። እንግዲህ ምን እንበል፣ ልጄ?»

ሦስት መቶ ሰው ወደ እሷ ዞሮ ጠበቀ። ልጆቹ በየእናታቸው ጀርባ ነበሩ፣ በየደጁም ይሯሯጡ ነበር፤ ሁሉም እዚያ ምስል ውስጥ፣ ከእነዚያ ጣሪያዎች ሥር አሉ። የምትለው አንድ ቃል ብቻ እንደሆነ ብርነሽ አወቀች። ቃሉንም ታውቀዋለች፤ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር «ቆ» ብላ ጀምራ ያጠፋችው ነው። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሆነ።

ጉድፌን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት፣ አፏንም ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት።